«ገብረ ገብርኤል» በሚለው ስም ቃሉ ተደግሟልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። የልጅ ልጄ 40 ቀን የሞላው በታኅሣሥ ገብርኤል ስለ ነበር ቁልቢ ወስደን ክርስትና አስነሣነው፤ ስሙም «ገብረ ገብርኤል» ተባለ። አንድ ጎረቤቴ ግን «ገብርኤል» ራሱ «የአምላክ አገልጋይ» ማለት ስለ ሆነ ቃሉ ሁለት ጊዜ ተደግሟል አሉኝ። እውነት ነውን?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። ጎረቤትዎ የሁለቱን ቃላት መመሳሰል ማስተዋላቸው መልካም ነው፤ የተሳሳቱት ሁለቱንም በግእዝ በመፍታታቸው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በእርግጥ ግእዝ ነው። «ገብር» አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ሲሆን ብዙ ቁጥሩ «አግብርት» ነው፤ ከሌላ ስም ጋር ሲናበብም «ወልድ» «ወልደ»፣ «ኃይል» «ኃይለ» እንደሚሆን ሁሉ «ገብረ» ይሆናል። በብራና የጸሎት መጻሕፍት የባለቤቱ የክርስትና ስም ከመጻፉ በፊት ለወንድ «ገብርከ» (ወንድ አገልጋይህ)፣ ለሴት «አመትከ» (ሴት አገልጋይህ) የሚባለው በዚሁ አገባብ ነው።

«ገብርኤል» ግን የዕብራይስጥ ስም ነው። በዕብራይስጥ «ጌቤር» ወንድ፣ ብርቱ ሰው ማለት ነው፤ አገልጋይ የሚባለው በሌላ ቃል፣ «ዔቤድ» በሚለው ነው። በትንቢተ ዳንኤል 8፥15 ነቢዩ ሰው የሚመስል በፊቱ ቆሞ እንዳየ ሲናገር የዕብራይስጡ ንባብ ይህንኑ «ጌቤር» የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ደግሞ «ገብርኤል» የሚለው ስም ይጠራል። ስለዚህ ስሙ «የእግዚአብሔር ሰው» ወይም «እግዚአብሔር ኃይሌ ነው» ተብሎ ይፈታል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት «እግዚእ ወገብር» (ጌታም አገልጋይም) ብለው የሚያመሠጥሩት መልአኩ ያበሠረውን የአምላክን ሰው መሆን በስሙ ውስጥ እያዩ ነው፤ ይህን ምሥጢራዊ ፍቺ እጅግ አከብረዋለሁ፣ ይሁን እንጂ የቃሉን ምንጭ ከመመርመር የተለየ ሥራ ነው።

ልዩነቱን በሚገባ ለማየት ከሰፈርዎ መውጣት አያስፈልግዎትም። «የአምላክ አገልጋይ» የሚለው ትርጕም የሚገኘው በሙስሊም ጎረቤቶችዎ «አብዱላሂ» ውስጥ ነው፤ «አብድ» የዕብራይስጡ «ዔቤድ» ወንድም ነውና። «አብዱልጀባር» የሚባል ካለ ደግሞ ስሙ «የኃያሉ አገልጋይ» ማለት ሲሆን፣ ዐረብኛ የጥንቱን «ገ» «ጀ» ስለሚያደርገው፣ «ጀባር» ከ«ጌቤር» ጋር አንድ ሥር አለው። «ጅብሪል» የሚባለውም ያው ገብርኤል ነው።

ግእዝ በበኩሉ ይህንኑ ግ-ብ-ር የተባለ ሥር ከኃይል ይልቅ ለሥራ አውሎታል፤ «ግብር»፣ «ተግባር» እና «ገበሬ» ከዚሁ የመጡ ናቸው። የልጁ ስም እንግዲህ «የገብርኤል አገልጋይ» ማለት ነው፤ ድግግሞሽ የለበትም።

በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ቃላት ተራርቀው፣ ሁለቱም ሳይጎድሉ እንዲጻፉ ያሳስቡ፤ «ገብረ» ብቻውን ከቀረ «የማን?» የሚያሰኝ ቁራጭ ነው። በቤት «ገብሬ» ብትሉት ግን ነውር የለበትም፤ እዚያ ላይ ያለው «ሬ» እንደ «ልጄ» ሁሉ «የእኔ» የሚል የአማርኛ አጠራር ነው።