መንጃ ፈቃዱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ መኪናው ግቢ ውስጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ አምድ አዘጋጅ።

ዕድሜዬ 53 ነው። የምኖረው ሰሚት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግን አልነዳም።

ከመጀመሪያው ልንገርዎት። በቤታችን የሚነዳው ባለቤቴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ነድቷል። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ ልጆቹ ከኋላ ይተኛሉ። አንድም ቀን መሪ ልያዝ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ዓይኑን ታመመ። ግላኮማ ነው ተባለ። ፊት ለፊቱን ያያል፤ ጎንና ጎኑ ግን ጠፍቶበታል። ሐኪሙ ከእንግዲህ እንዳይነዳ ነገረው። ከልጆቻችን አንዷ ባሕር ዳር ናት፣ አንዱ ውጭ አገር ነው። ስለዚህ እኔ ልማር ተባለ።

ማሠልጠኛ ገባሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆቼን የሚያህሉ ነበሩ። ቲዎሪውን ጥሩ አድርጌ አለፍኩ። የተግባሩንም ሜዳ ላይ ስለነበር እንደምንም አለፍኩ። መንጃ ፈቃዱን የያዝኩ ቀን ባለቤቴ ሥጋ ገዝቶ ገባ። በጣም ደስ ብሎን ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናችን የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ ማንዋል። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሰፈር ውስጥ ስንለማመድ ገና ሳልነሳ ይጮኻል። «ፍሬን! ፍሬን ያዢ! ማርሽ!» ይላል። በተፈጥሮው የሚጮኽ ሰው አይደለም። ግራ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ይንቀጠቀጥብኛል። መዳፌ ይረጥባል።

የዛሬ ስምንት ወር ምኒልክ ሆስፒታል ክትትል ነበረው። እኔ ነድቼ ደረስን። ስንጨርስ የዓይን ጠብታውን አራት ኪሎ ካለ ፋርማሲ እንግዛ አለኝ። የቀበናን ድልድይ አልፈን ዳገቱ መሃል ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምኩ። ልነሳ ስል ሞተሩ ጠፋ። አስነሳሁት፣ ደግሞ ጠፋ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። በሦስተኛው መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከኋላ ያለችውን ቪትዝ ነካኋት። ባለቪትዙ ልጅ ወርዶ «እማማ፣ ምናለ ቤትዎ ቢቀመጡ?» አለኝ። አንድ የሚኒባስ ረዳት መጥቶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገልኝ። ከዚያ ባለቤቴ «ውረጂ» አለኝና እሱ እየነዳ ወደ ቤት ተመለስን።

ያ ልጅ ያለኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዝኩም። እሑድ እሑድ ባትሪው እንዳይሞት መኪናውን አስነሳለሁ። ትንሽ ተቀምጬበት አጠፋዋለሁ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» ብሎ ወጥቷል። ቀጣዩ ቀጠሮው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ገና ካሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጎረቤቶቼ ሽጡትና ኦቶማቲክ ግዙ ይሉኛል። አቅማችን አይፈቅድም። በዚህ ዕድሜ እውነት ይቻላል? ወይስ መኪናውን ሸጠን እንረፍ?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከሰሚት

*

እህቴ፣ ታላቅሽ ነኝና አንቺ ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ያስደነገጠኝን ልንገርሽ። ዳገቱ አይደለም፣ ቪትዟም አይደለችም። «እሱ እየነዳ ወደ ቤት ተመለስን» ያልሽው ነው። ከዚያም ሁለት ጊዜ ብቻውን ወጥቷል። በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው።

ጎንና ጎኑ የጠፋበት ሰው ከቆመ ታክሲ ጀርባ ብቅ የሚል ሕፃን አያይም። አየሁ ብሎ ያምናል እንጂ አያይም። አእምሯችን የጠፋውን ጠርዝ በራሱ ስለሚሞላው፣ የግላኮማ ሕመምተኛ ምን ያህል እንደቀረበት አይታወቀውም። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ከልምምዱም ከምኑም በፊት፣ ቁልፉን አንቺ ያዢው። በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ንገሪው፤ ግን ቁርጥ ያለ ይሁን። አንቺ እስክትችዪ በታክሲ ሂዱ። የታክሲው ወጪ እንደሚከብዳችሁ ይገባኛል። ቢሆንም ይሻላል።

አሁን ወደ አንቺ። ይቻላል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ እኔ መሪ የያዝኩት በ48 ዓመቴ ነው። እኔም እንዳንቺ ግራ እግሬ ተንቀጥቅጧል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቼ በሐሳቤ ማርሽ ስቀይር አድሬያለሁ። የወጣቶቹን ያህል ቶሎ አልተማርኩም፤ በጣም ዘግይቻለሁ። ዛሬ ግን በየቀኑ እነዳለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ያለፍኩበትን ነው።

የእግርሽ መንቀጥቀጥ ከፍርሃት ብቻ ላይሆን ይችላል። መኪናው የባለቤትሽ ነበር። ወንበሩ ለእሱ ቁመት የተስተካከለ ነው። ከተቀመጥሽ በኋላ አስጠግተሽዋል? ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ መታጠፍ አለበት። እግርሽ ተወጥሮ ከደረሰ መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ ጎረምሳም ይንቀጠቀጣል። ወንበሩን ወደፊት ሳቢው። ዝቅ ካለብሽ ትራስ ጨምሪበት። ስፖኪዮዎቹን ለራስሽ ዓይን አስተካክዪ። ቀስ ብለሽ ስትለቂ ተረከዝሽ ወለሉ ላይ ይረፍ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን ከምንም በላይ የረዳኝ ይህ ነው። በሰው ወንበር ተቀምጦ መንዳት አይለመድም።

ባለቤትሽ አጠገብሽ አይቀመጥ። ቢያንስ ለአራት ሳምንት። እንዲህ ስል እሱን እያማሁ አይደለም። የሚጮኽ ሰው አይደለም ብለሽኛል፤ አምንሻለሁ። ሠላሳ ዓመት የያዘውን መሪ በአንድ ቀን የሐኪም ቃል ተነጠቀ። አጠገብሽ ሲቀመጥ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ከጎን የሚመጣውን ማየት ስለማይችል ከአንቺ ይልቅ የሚፈራው እሱ ነው። ጩኸቱ ይህ ይመስለኛል። ሐዘን አለበት። እስቲ አንድ ማታ ቡና አፍልተሽ መንዳት ምን ያህል እንደናፈቀው ጠይቂው። ስለ ማርሽና ፍሬን አታንሺ፤ ስለ እሱ ብቻ ጠይቂው። ማንም የጠየቀው አይመስለኝም።

ለልምምዱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ኖሯቸው ለማይነዱ ሰዎች ልምምድ የሚሰጡ አሠልጣኞች አሉ፤ ፈልጊ። እንዳንቺ ያለው ብዙ ነው። ካርዱን ይዞ መኪናውን አቁሞ የተቀመጠ ሰው በየሰፈሩ አለ። ሜዳ ላይ የሚሰጠው ሥልጠና ለፈተናው ያበቃል እንጂ ለመገናኛ አያበቃም። ሲበዛ ትዕግሥት ያለውን ምረጪ። ከቻልሽ ሴት አሠልጣኝ። ሁለት ሦስት ቀን በእሷ መኪና ተለማመጂ። ከዚያ ግን ወደ ራስሽ ዲኤክስ ተመለሽ፤ የእያንዳንዱ መኪና ፍሪሲዮን የሚይዝበት ቦታ የተለያየ ነው።

ዳገቱን ለብቻው ተማሪው። አንቺን ያሸነፈሽ መንዳት አይደለም፤ ዳገት ላይ መነሳት ነው። ሌላውን ትችያለሽ። ከሰሚት ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ነድተሽ ደርሰሻል እኮ! ሰው የማይበዛበት፣ ውስጥ ለውስጥ ያለ፣ ቀለል ያለ ዳገት ፈልጉ። አሠልጣኟ ከኋላ ጎማው ሥር፣ ጥቂት ራቅ አድርጋ፣ ታኮ ታስቀምጥ። ያኔ መኪናው ቢንሸራተትም የትም አይሄድም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከዚያ እንዲህ ነው። እጅ ፍሬኑን ሳቢ። አንደኛ ማርሽ አስገቢ። ነዳጅ ትንሽ ስጪ። ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ ብለሽ ልቀቂ። አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። እዚያ እግርሽን አቁሚ። ያዘ ማለት ነው። አሁን ነዳጁን ትንሽ ጨምረሽ እጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ወደ ኋላ አይልም። አንዴ ከሠራልሽ ድገሚው። በአንድ ጠዋት ሃያ ጊዜ። ፍሪሲዮኑ መሽተት ከጀመረ እረፍት ስጪው፤ አንቺም ውኃ ጠጪ።

የምትሰሚው ያን ድምፅ ነው። ጆሮሽ ከለመደው እግርሽ ይከተለዋል።

ሞተሩ መጥፋቱ ግን አይቀርም፤ የሠላሳ ዓመት ሹፌርም ይጠፋበታል። ሲጠፋ እግር ፍሬኑን ያዢ፣ እጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ አራቱን ፍሬቻ አብሪ። ማርሹን ነፃ አድርጊ። ከዚያ አየሩን ከሳንባሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ ከምታስገቢው የምታስወጪው ይርዘም። ልብሽ ጋብ ይላል። ያኔ አስነሺው። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላሽ ያለው ክላክስ ያድርግ። የሚኒባስ ሹፌር ለትራፊክ መብራትም፣ ለተሳፋሪም፣ ለፍየልም ክላክስ ያደርጋል። የቀኑን ገቢ ለመሙላት ነው የሚቸኩለው። ስለ አንቺ ምንም አላለም።

መንገዱንም በቁራጭ በቁራጭ ያዢው። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ውጪ። መጀመሪያ ከቤትሽ ሲ.ኤም.ሲ. ደርሰሽ ተመለሽ። ያ እስኪሰለችሽ ድረስ አትለፊ። ስትሰለቺ የባቡሩን መስመር ተከትለሽ በጉርድ ሾላ እስከ መገናኛ። ከዚያ በሾላ አድርገሽ ወደ እንግሊዝ ኤምባሲ። ከዚያ ሆስፒታሉ በር። ሁልጊዜ አንድ መንገድ ይሁን። የቱ ጋ መስመር እንደምትይዢ፣ የቱ ጋ ታክሲ ድንገት እንደሚቆም በቃልሽ እስክታውቂው። «መንገድ ለሰው» የሚባልበት እሑድ ከሆነ አንዳንድ ጎዳና ስለሚዘጋ ቀድመሽ አጣሪ። ቀለበት መንገዱን ለጊዜው እርሺው።

ኦቶማቲክ ግዙ የሚሉሽ ጎረቤቶችሽ አልተሳሳቱም። ኦቶማቲክም ሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ዳገት ላይ ሞተር ጠፋ የሚባል ጣጣ የለበትም። አገራችንም ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስላቆመች ወደፊት ብዙ ሰው ፍሪሲዮን ሳያውቅ ይነዳ ይሆናል። አቅም ሲኖራችሁ ለውጡ። አሁን ግን በፍርሃት ተገፍተሽ ዲኤክሱን አትሽጪ። የሸጥሽው ዕለት የቀበናው ቀን የመጨረሻው ቀንሽ ሆኖ ይቀራል። እንቅልፍ የሚነሳሽም ይኸው ይመስለኛል። በጣም በፈራሽበት ደቂቃ ወረድሽ፣ ከዚያ አልተመለስሽም። ሰውነትሽ ስለ መንዳት የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ነው። ሌላ ቀን ስጪው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዕለት ዳገቱ ላይ ሁለት ወጣቶች ወደ አንቺ መጥተዋል። አንዱ ቤትሽ ተቀመጪ አለሽ። አንዱ ከሚኒባሱ ዘሎ ወርዶ፣ ድንጋይ ፈልጎ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማሽ ሥር አደረገልሽ። የመጀመሪያው ስምንት ወር ሙሉ ጆሮሽ ውስጥ ኖሯል። ሁለተኛው ምን ብሎሽ ነበር? አልጻፍሽልኝም። አስታውሺውና ጻፊልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የቀጠሮውን ቀን ፈተና አታድርጊው። በአምስት ሳምንት ካልደረስሽ በታክሲ ሂዱ፣ ልምምድሽን ቀጥዪ። ከደረስሽ ደግሞ ማልዳችሁ ውጡ። ባለቤትሽ ከኋላ ይቀመጥ። ስትጨርሱ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ። ጠብታውን መገናኛ ወይም ሰፈራችሁ ካለ ፋርማሲ ግዙት፤ እንዳይቋረጥ ብቻ፣ የቀረውን ብርሃን የሚያቆይለት እሱ ነውና። ቀበናን ሌላ እሑድ ትወጪዋለሽ፣ በጠዋት፣ ከአሠልጣኟ ጋር። ታኮውን የኋላ ኮፈን ውስጥ አድርጊ።