ሪሌዩ ለምን ይንጣጣል?

ጠያቂያችን ለቤት ሶላራቸው የሚጠቀሙበት 12 ቮልት የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከልክ በላይ እንዳይወርድ በኤልኤም 393 ኮምፓራተር (ሁለት ቮልቴጆችን የሚያወዳድር አይሲ) መቁረጫ ሠርተዋል። የ5.1 ቮልት ዜነር (ቋሚ የማነጻጸሪያ ቮልቴጅ የሚሰጥ ዳዮድ) በ2ኛው እግር ገብቷል፤ የባትሪው ቮልቴጅ በ15 እና በ12 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተከፍሎ 3ኛው እግር ላይ ይደርሳል፤ መውጫው (1ኛው እግር) በ4.7 ኪሎ ኦም ወደ ፖዘቲቭ ታስሮ ሪሌዩን (መብራቶቹን ከባትሪው የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያበራውን ሞስፌት፣ ማለትም ትራንዚስተር፣ ያዝዛል። ባትሪው 11.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ግን ሪሌዩ ሳያቋርጥ ይንጣጣል፤ አይሲውን ሁለት ጊዜ ቢቀይሩም ለውጥ አላገኙም።

አይሲዎ ጤነኛ ነው፤ አውጥተው የጣሏቸውም ሳይሆኑ አይቀሩም። ኮምፓራተር የሚያውቀው ከሁለቱ መግቢያዎች የትኛው እንደሚበልጥ ብቻ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊቮልት ቢሆንም መውጫውን ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል። በእርስዎ ሥራ ላይ ችግሩን የሚያባብሰው ባትሪው ራሱ ነው። መብራቶቹ 5 አምፔር ቢስቡና የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ ከሽቦው ጋር 0.1 ኦም ቢሆን፣ ሪሌዩ በቆረጠ ቅጽበት ቮልቴጁ በ0.5 ቮልት ይነሣል፤ ኮምፓራተሩም ባትሪው ያገገመ መስሎት መልሶ ያገናኛል፣ ቮልቴጁ እንደገና ይወድቃል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ መግቢያው ላይ ትልቅ ካፓሲተር ይጨምራሉ፤ እኔ አልመክርም፣ መንጣጣቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

መፍትሔው የመቁረጫውንና የመመለሻውን ገደብ ማራራቅ፣ ማለትም ሂስተሪሲስ መስጠት ነው። ከ1ኛው እግር ወደ 3ኛው እግር የ150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያገናኙ። መውጫው ከፍ ሲል ይህ ሬዚስተር 3ኛውን እግር ወደ ላይ ይስበዋል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ወደ ታች ይጎትተዋል። ነገር ግን እሱን ብቻ ጨምረው ቢተዉት መቁረጫው ወደ 10.9 ቮልት ስለሚወርድ ባትሪውን ይጎዳሉ። ስለዚህ 12 ኪሎ ኦሙን በ11 ኪሎ ኦም ይተኩት፤ ያን ጊዜ 11.4 ቮልት ላይ ይቆርጣል፣ የሚመልሰው ደግሞ 12.6 ቮልት ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም ፀሐይ ወጥታ ባትሪው መሞላት ሲጀምር ነው። 4.7 ኪሎ ኦሙን እንዳያወጡት፤ የኤልኤም 393 መውጫ ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም።

ዜነሮች ሁልጊዜ የተጻፈባቸውን ቮልቴጅ በትክክል አይሰጡም። የእርስዎን በቴስተር ለክተው ያገኙትን ቁጥር በ2.24 ሲያባዙ መቁረጫውን፣ በ2.46 ሲያባዙ መመለሻውን ያገኛሉ። ቮልቴጁ በሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ከ13 ቮልት ቀስ ብለው እያወረዱ፣ ከዚያም እየጨመሩ ሁለቱን ነጥቦች ሳያረጋግጡ ባትሪውን አያገናኙ። ሥራ ላይ ያልዋለው የአይሲው ግማሽም ክፍቱን እንዳይቀር 5ኛውንና 6ኛውን እግር ከግራውንድ ጋር ያገናኙና 7ኛውን ይተዉት።