ጭድ የገባበት ጭቃ፦ ድብልቅ ወይስ ኮምፖዚት?

ጠያቂያችን ጭድ የገባበት የምርጊት ጭቃ ድብልቅ ነው ወይስ ኮምፖዚት (አንዱ የሌላውን ድክመት እንዲሸፍን የተጣመሩ የተለያዩ ቁሶች) ላሉት፣ ሁለቱንም ነው ብዬ እመልሳለሁ፤ ኮምፖዚት ሁሉ በሰፊው ትርጉም ድብልቅ ሲሆን፣ ድብልቅ ሁሉ ግን ኮምፖዚት አይደለም። ጨው በውኃ ሲሟሟ ወይም ጤፍ ከአሸዋ ጋር ሲቀላቀል፣ አንዱ የሌላውን ድክመት እንዲሸፍን የታሰበ ነገር የለም። በምርጊቱ ግን ጭቃው ጭዱን አቅፎ ይይዛል፤ ጭቃው ደርቆ ሲኮማተር የሚፈጠረውን የመሳብ (የመጎተት) ኃይል ደግሞ ጭዱ ስለሚሸከም ግድግዳው እንደ ባዶ ጭቃ አይሰነጣጠቅም። (ጭዱ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ከቀረ ይህን ሥራ አይሠራምና፣ ጭቃው በእግር ደጋግሞ የሚረገጠው ያለ ምክንያት አይደለም።) ፌሮ የገባበት አርማታም እንዲሁ ነው፦ የአርማታው የመሳብ ጥንካሬ ከመጨመቅ ጥንካሬው 10 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ የጎደለውን ፌሮው ይሞላል።