ሁለተኛው ሳይት ሲጠራ የመጀመሪያው ለምን ይመጣል? ስለ አፓቼ ቨርቹዋል ሆስት የተሰጠ መልስ

ሰላም ወንድሜ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ 24.04 እና አፓቼ (ድረ ገጽ የሚያቀርበውን የሰርቨር ፕሮግራም) ጭነህ ሁለት ሳይት አዘጋጅተሃል፤ የሁለተኛውን ስም ስትጽፍም የሚከፈትልህ የመጀመሪያው ነው። አፓቼ አልተበላሸም። የጠየቅከውን ስም ከየትኛውም ሳይት ጋር ማገናኘት ሲያቅተው ቀድሞ ያነበበውን ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ስሙ የት ላይ እንደጠፋ እንፈልግ። (ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ብጽፋቸውም ተርሚናል ላይ በላቲን ነው የምታስገባቸው።)

ሁለቱም ሳይቶች ያሉት በአንድ አይፒ፣ በአንድ ፖርት 80 ላይ ነው። ብሮውዘሩ ጥያቄ ሲልክ አድራሻው ላይ የጻፍከውን ስም «ሆስት» በሚባል መስመር አብሮ ይልካል። አፓቼ ያንን ስም በየቨርቹዋል ሆስቱ (ለእያንዳንዱ ሳይት በሚጻፈው የኮንፊግ ክፍል) ውስጥ ካለው ሰርቨርኔም (ዋናው ስም) እና ሰርቨርኤልያስ (ተጨማሪ ስም) ጋር ያመሳክራል። ፋይሎቹ የሚነበቡት በስማቸው ቅደም ተከተል ነው፤ 000-ዲፎልት የሚባለው ፋይል በሦስት ዜሮ የሚጀምረውም ቀድሞ እንዲነበብ ነው። አንተ ጋ የአፓቼ የራሱ ገጽ ሳይሆን ያንተ ሳይት ስለሚመጣ 000-ዲፎልትን ሳታጠፋው አልቀረህም። ብዙ መመሪያዎች አጥፉት ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። መልሰህ አብራውና ባዶ ገጽ እንዲያሳይ አድርገው። ያኔ ስም ሲሳሳት ባዶው ገጽ ስለሚመጣ ስህተቱ ወዲያው ይታይሃል። ኢንተርኔት ላይ ስታወጣውም አይፒህን በጭፍን ለሚያንኳኩ ሁሉ ሳይትህ አይገለጥም።

አሁን «ሱዶ አፓቼ2ሲቲኤል -ኤስ» በል፤ ኤሷ ትልቋ ናት። እያንዳንዱን ስም ከነፋይሉና ከነመስመር ቁጥሩ ይዘረዝርልሃል። ሁለተኛው ሳይት ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አልበራም ማለት ነው። ሳይትስ-አቬይለብል በሚባለው የአፓቼ ፎልደር ውስጥ ፋይል ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ «ሱዶ ኤ2ኤንሳይት» ከፋይሉ ስም ጋር ማለት አለብህ። የፋይሉ ስም በ«.ኮንፍ» ካላለቀ ይህ ትዕዛዝ ሳይቱ የለም ብሎ ይመልስሃል። ከዚያ «አፓቼ2ሲቲኤል ኮንፊግቴስት» ብለህ «ሲንታክስ ኦኬ» ሲልህ ኮንፊጉን እንደገና እንዲያነብ አፓቼን ሪሎድ አድርግ። ሰርቨሩ ሙሉ ስሙን ማወቅ አልቻልኩም የሚለው ኤኤች00558 ማስጠንቀቂያ ከዚህ ችግር ጋር አይገናኝም፤ እለፈው።

ዝርዝሩ ውስጥ እያለም የማይሠራ ከሆነ የማያቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ አንዱ ቨርቹዋል ሆስት «ኮከብ፡80» (ኮከቡ ማንኛውም አይፒ ማለት ነው)፣ ሌላው «192.168.1.50፡80» ተብሎ ሲከፈት። አፓቼ መጀመሪያ የሚያመዛዝነው አይፒውን ነው፤ አይፒው በቁጥር የተጻፈለት ካለ ኮከብ ያላቸውን በስም ለማመሳከር እንኳ አያያቸውም። ሁሉንም በኮከብ ጻፋቸው። ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ፋይል ከመጀመሪያው ኮፒ አድርገህ ዶክዩመንትሩትን (የሳይቱ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር) ሳትቀይር መቅረት፤ ይህ በ-ኤስ ዝርዝር ላይ አይታይምና ፋይሉን ከፍተህ እይ። ሦስተኛ፣ ከቴሌግራም የተቀዳ ኮንፊግ፦ ቀጥ ያለው ጥቅስ ምልክት ወደ ተጠማዘዘው ስለሚቀየር አፓቼ እንደ ጥቅስ አያውቀውም። በሦስት ደብልዩ የሚጀምረውንም ስም ሰርቨርኤልያስ ላይ መጨመር አትርሳ፤ ለአፓቼ ሌላ ስም ነው። ስሙን በግዕዝ ፊደል ለማድረግ ካሰብክ ደግሞ ብሮውዘሩ የሚልከው በኤክስኤን የሚጀምረውን የላቲን ቅርጽ ስለሆነ ሰርቨርኔም ላይም ያው ይጻፍ።

ችግሩ አፓቼ ውስጥ ይሁን ከእሱ ውጭ የሚለይልህ ከተርሚናል የድረ ገጽ ጥያቄ የሚልከው ከርል ነው። ሰርቨሩ ላይ ሆነህ ወደ 127.0.0.1 ጥያቄ ላክ፤ በ-ኤች አማራጭ (ኤቿ ትልቋ ናት) የሆስት መስመር ላይ የሁለተኛውን ሳይት ስም አስገባ። ትክክለኛው ገጽ ከመጣ አፓቼን ተወው፤ ስሙ ወደ ላፕቶፑ የሚደርስበትን መንገድ አስተካክል።

በአይፒ ቁጥር ከከፈትክ ሁልጊዜ አፓቼ ቀድሞ ያነበበው ነው የሚመጣው፤ የሳይት ስም አልላክህምና። ስለዚህ በምትጠቀምበት ኮምፒውተር ሆስትስ ፋይል (ስምን ከአይፒ ጋር የሚያገናኝ ፋይል) ላይ የላፕቶፑን አይፒ ጽፈህ ከጎኑ ሁለቱንም ስሞች በክፍተት ለያይተህ አስቀምጥ፤ ለምሳሌ ሱቅ.ቴስት እና ብሎግ.ቴስት። ይህ ፋይል የፖርት ቁጥርም ሆነ ኮከብ አይቀበልም፤ እያንዳንዱ ሰብዶሜይን ለብቻው ይጻፋል። የላፕቶፑ አይፒ እንዳይለዋወጥ ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) አስይዘው። ስልክ ላይ ሆስትስ ፋይል በቀላሉ ስለማይነካ ስሞቹን ራውተሩ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው አገልግሎት) ላይ ወይም ላፕቶፑ ላይ ዲኤንኤስማስክ በሚባለው ትንሽ የዲኤንኤስ ፕሮግራም መመዝገብ ይሻላል። የአንድሮይዱ ፕራይቬት ዲኤንኤስ ላይ የውጭ አቅራቢ ከተጻፈ ግን የቤትህን ዲኤንኤስ ያልፈዋል።

ስም ስትመርጥ በ«.ቴስት» የሚያልቅ አድርግ፤ ለሙከራ የተከለለ ነው። «.ሎካል» ለኤምዲኤንኤስ (መሣሪያዎች ያለ ዲኤንኤስ ሰርቨር በቤት ኔትወርክ ውስጥ በስም የሚፈላለጉበት ዘዴ) የተያዘ ስለሆነ አንዳንዱ መሣሪያ ላይ ይሠራል፣ ሌላው ላይ አይሠራም። «.ዴቭ»ን ደግሞ ብሮውዘሮች በግድ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ይወስዱታል።

ሳይቱ ተለይቶ መጥቶ 403 (መግባት ተከልክሏል) ካለህ ፎልደሩ ሆም ውስጥ ይሆናል። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ የተጠቃሚ ሆም ፎልደር ፈቃድ 750 ስለሆነ የአፓቼ ተጠቃሚ ደብልዩደብልዩደብልዩ-ዳታ ሊገባበት አይችልም። 777 አታድርገው፤ ማንም እንዲጽፍበት ትከፍታለህ። ሳይቶቹን ቫር ውስጥ ባለው ደብልዩደብልዩደብልዩ ሥር በየራሳቸው ፎልደር አስቀምጥ፣ ፎልደሮቹ 755፣ ፋይሎቹ 644 ይሁኑ። ገጹ ተከፍቶ አማርኛው ከተዝረከረከ «አድዲፎልትቻርሴት ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መስመር ቨርቹዋል ሆስቱ ውስጥ ጨምር፤ ፋይሉም በዩቲኤፍ-8 ሴቭ ይደረግ።

ወደ ኢንተርኔት ልታወጣው ከሆነ አስቀድመህ የራውተሩን የዋን አይፒ (በኢንተርኔት በኩል ያለውን አድራሻ) እይ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ወይም በ10 ከጀመረ የራስህ ፐብሊክ አይፒ የለህም፤ ፖርት ፎርዋርድ ብታደርግም ከውጭ አይደረስበትም። ካለህ 80ን እና 443ን ወደ ላፕቶፑ ምራና በሞባይል ዳታ ሞክረው፤ ብዙ ራውተር ከቤት ዋይፋይ በፐብሊክ አይፒው መልሶ አያስገባም።

ኤችቲቲፒኤስ ላይ ያው ችግር በሌላ መልክ ይመለሳል። የፖርት 443 ቨርቹዋል ሆስቶች ከፖርት 80ዎቹ ተለይተው ነው የሚመሳከሩት። ለመጀመሪያው ሳይት ብቻ 443 ካለህ፣ ሁለተኛውን በኤችቲቲፒኤስ ስትጠራ የመጀመሪያው ከሰርተፍኬት ማስጠንቀቂያ ጋር ይመጣል። ሰርተፍኬት የሚያወጣልህን ሰርትቦት ስታስኬድ ሁለቱንም ስሞች ስጠው፤ በተለመደው መንገድ ማረጋገጫው የሚመጣው በፖርት 80 ስለሆነ እሱን አትዝጋ። ሁሉን አስተካክለህም የድሮው ገጽ ከመጣ ብሮውዘሩ ከበፊቱ ያስቀመጠው የ301 ማዞሪያ (ወደ ሌላ አድራሻ በቋሚነት የሚመራ መልስ) ሊሆን ይችላል፤ በፕራይቬት መስኮት ክፈተው። ካልሆነልህ የ-ኤስ ውጤቱንና የሁለቱን ፋይሎች ይዘት እዚህ ለጥፍልን።