ማን ምን ይሠራል? ከግራፊክ ዲዛይነር እስከ አርት ዳይሬክተር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ላለፉት ሦስት ዓመታት በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ባነር፣ ብሮሸርና የሠርግ መጥሪያ ስሠራ ቆይቻለሁ። አሁን አዲስ አበባ ሄጄ የተሻለ ሥራ ለመያዝ አስቤ የቅጥር ማስታወቂያዎችን ሳነብ ግን ግራ ተጋባሁ። አንዱ «ግራፊክ ዲዛይነር» ብሎ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ድረ ገጽ የሚሠራና ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ይፈልጋል፤ ሌላው «ዩአይ/ዩኤክስ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «አርት ዳይሬክተር»። ፎቶሾፕና ኢለስትሬተር በሚገባ አውቃለሁ፤ የመተግበሪያ ገጽ መንደፊያ የሆነውን ፊግማንም ጀምሬያለሁ። ታዲያ እኔ ከእነዚህ የትኛው ነኝ? ልዩነታቸውስ የሥራ ነው ወይስ የደመወዝ?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ልዩነቱ በመጀመሪያ የሥራ ነው፤ የደመወዙ ከዚያ የሚከተል ነው። ሙያዎን በሚያውቋቸው ሶፍትዌሮች ለመለየት ከሞከሩ ግን መልሱን አያገኙትም፤ ፎቶሾፕን ፎቶግራፍ አንሺውም፣ ሠዓሊውም፣ የማተሚያ ቤት ባለሙያውም ይጠቀሙበታልና። እኔ የምመርጠው መለያ፣ ሥራው ተበላሽቶ ሲገኝ ስለ ምኑ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው።

እርስዎ ካሉበት እንነሣ። በማተሚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሙያዎች በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ግራፊክ ዲዛይነሩ የሚጠየቀው መልእክቱ ለአንባቢው ስለ መድረሱ ነው፦ ዓይን በመጀመሪያ ምን ላይ ያርፋል፣ ርእሱ ከዝርዝሩ በምን ይለያል፣ የትኛው ፎቶግራፍ ገብቶ የትኛው ይቅር? የቅድመ ሕትመት ባለሙያው ግን የሚጠየቀው ሥራው ከማሽኑ ሲወጣ በታሰበው መልክ ስለ መውጣቱ ነው። ቀለም በስክሪን ላይ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ሲፈጠር በወረቀት ላይ የሚፈጠረው ከሲያን፣ ከማጀንታ፣ ከቢጫና ከጥቁር ቀለም ነው፤ በስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ሲታተም የሚደበዝዘውም ስለዚህ ነው። ፎቶግራፉ በኢንች 300 ነጥብ ያህል ጥራት እንዳለው፣ ወረቀቱ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ምስሉ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ማለፉን፣ የአማርኛው ጽሑፍ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት ወደማይነበብ ምልክት እንዳይለወጥ ወደ ቅርጽ መቀየሩን የሚያረጋግጠው እርሱ ነው። ሥራቸው ከስክሪን ወጥቶ የማያውቅ ዲዛይነሮች የሚጎድላቸው ይህ ዕውቀት ስለሆነ እንዳይንቁት።

ዲዛይነሩን ፋይል ብቻ ከሚያዘጋጅ ሰው የሚለየው ነገር በራሳችን ፊደል ላይ ጎልቶ ይታያል። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስላለው ርእስን በትልልቁ ጽፎ ማጉላት ይቻላል። የግእዝ ፊደል ግን ይህ ስለሌለው፣ ዋናውን ከተከታዩ ለመለየት የሚቀሩት መሣሪያዎች መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ናቸው። ደግሞም «ሀ»ን ከ«ሁ»፣ «ፀ»ን ከ«ፅ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ በመሆኗ፣ ለእንግሊዝኛው የበቃው የፊደል መጠን ከሥሩ ለሚጻፈው አማርኛ ላይበቃ ይችላል። (ፊደሉን ራሱን የሚቀርጸው የፊደል ዲዛይነር ሙያው ሌላ ነው። የላቲኑ ባለሙያ 26 ፊደላትን በትልቅና በትንሽ ቀርጾ 52 ሲያደርስ፣ የእኛው 33ቱን በሰባት ቤት አባዝቶ 231 ከቀረጸ በኋላ ገና ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ይጠብቁታል።)

ዩአይ (ዩዘር ኢንተርፌስ፣ ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ) እና ዩኤክስ (ዩዘር ኤክስፒርየንስ፣ የተጠቃሚው ተሞክሮ) በማስታወቂያ ላይ እንደ አንድ ቃል ተያይዘው ቢጻፉም ሁለት ሥራዎች ናቸው። በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን መተግበሪያ ያስቡ። የዩአይ ዲዛይነሩ የሚጠየቀው ስለሚታየው ገጽ ነው፤ ቁልፉ ለጣት ይበቃ እንደሆነ፣ ጽሑፉ ፀሐይ ላይ ይነበብ እንደሆነ። የዩኤክስ ዲዛይነሩ የሚጠየቀው ግን ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ ፈጽሞ ስለ መሄዱ ነው። «ላክ» የሚለውን ተጭኖ ኔትወርክ ቢቋረጥበት፣ ገንዘቡ መሄድ አለመሄዱን በምን ያውቃል? ካላወቀ ደግሞ ይልክና ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የልደት ቀን የሚጠይቀው ቅጽ 12 ወራት ብቻ ቢኖሩት፣ በጳጉሜን የተወለደ ሰው ምን ሊሞላ ነው? እንዲህ ያለውን ችግር ፊግማ አያሳይዎትም፤ የሚገኘው ከተጠቃሚው ጎን ተቀምጦ ሲሠራ በማየት ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ኩባንያ ገብቶ «ዩዘር ኤክስፒርየንስ» የሚለውን ሐረግ በሥራ መጠሪያው ላይ ሲይዝ የተማረው ምህንድስናና ሥነ ልቡና ነበር፤ ሥዕል አልነበረም።

አርት ዳይሬክተር አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ራሱ አይሠራም። የአንድ ማስታወቂያ ፎቶግራፉ፣ ፊልሙና ቢልቦርዱ በተለያዩ እጆች ተሠርተው የአንድ እጅ ሥራ መስለው ካልታዩ ተጠያቂው እርሱ ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ክሬቲቭ ዳይሬክተር ደግሞ የሚጠየቀው ሐሳቡ ራሱ ደካማ ሆኖ ሲገኝ ነው።

እንግዲህ እርስዎ ግራፊክ ዲዛይነር ነዎት፤ የሕትመት ልምድዎ ከብዙዎች የሚለይዎት። አርት ዳይሬክተርነት ሌሎችን መርቶ ማሠራት ስለሚጠይቅ ለጊዜው ይቆይ፤ ወደ ዩኤክስ መሻገር ከፈለጉም በፖርትፎሊዮዎ (በሥራ ናሙናዎችዎ ስብስብ) ውስጥ ያማሩ ገጾችን ከመደርደር ይልቅ፣ አንድ ችግር እንዴት እንዳገኙና ምን ሞክረው ምን እንዳልሠራ የሚያሳይ ሥራ ያስገቡ። አራት ሙያ በአንድ ደመወዝ የሚፈልገውን ማስታወቂያ በተመለከተ፣ ቀጣሪው ምን እንደሚፈልግ ገና አልለየም ብዬ እገምታለሁ። ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ሠርተው እንዲያስረክቡ እንደሚጠበቅ ይጠይቁ፤ እውነተኛው የሥራ መደብ የሚታወቀው ከዚያ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ቡና ቆልቼና ፈጭቼ በከረጢት አሽጌ መሸጥ ልጀምር ነው። አንድ ዲዛይነር አርማውን በመጠነኛ ዋጋ እሠራለሁ ሲለኝ፣ ሌላው «ብራንዲንግ» ብሎ የዚያን አሥር እጥፍ ጠየቀኝ። ሊያታልለኝ ነው?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ የተጠየቁት ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሊሆን ይችላል። አርማ አንድ ምልክት ነው። ብራንዲንግ በአግባቡ ሲሠራ ስሙን፣ ቀለሙን፣ የጽሑፉን ዓይነትና ምርቱ ለማን እንደሚሸጥ ጭምር ይወስናል። ለምሳሌ በከረጢቱ ላይ «ይርጋጨፌ» ብለው ወደ ውጭ ለመላክ ካሰቡ፣ ይህ ስም እንደ ሐረርና ሲዳሞ ሁሉ በኢትዮጵያ መንግሥት ስም በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የተመዘገበ የንግድ ምልክት መሆኑን አስቀድሞ ሊነግርዎት የሚገባው ይህ ባለሙያ ነው።

እርስዎን ግን ከሁለቱም ይልቅ የሚያስፈልግዎ የማሸጊያ ዲዛይነር ይመስለኛል። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ ከረጢቱ አየር ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ጎኖቹ ይታጠፋሉ፣ አፉም በሙቀት ይታሸጋል። ይህን የማያውቅ ሰው የሚሠራው ዲዛይን በስክሪን ላይ አምሮ፣ ከረጢቱ ሲሞላ ስሙ በእጥፋቱ ውስጥ ይገባል። ማንንም ቢመርጡ አርማውን በፎቶግራፍ መልክ ብቻ አይረከቡ፤ በከረጢቱ ላይ ያማረው በባነር ላይ ሲሰፋ ይበታተናልና፣ በቬክተር (ቢሰፋም ጥራቱን በማያጣ መልክ) የተሠራው ዋናው ፋይል እንዲሰጥዎ በውሉ ላይ ያስጽፉ።