የሽሪምፖቼ እንቁላል ለምን አይፈለፈልም?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ፤ የምኖረው ለንደን ነው። ከሦስት ወር በፊት 30 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ 12 ክሪስታል ሬድ የሚባሉትን ቀይና ነጭ ሽሪምፖች ማርባት ጀመርኩ። ንጽሕና እንዳይጓደልባቸው ብዬ በየእሑዱ የውሃውን እኩሌታ እየቀዳሁ በቧንቧ ውሃ እተካለሁ፤ ክሎሪን የሚያጠፋውንም መድኃኒት አልረሳም። ነገር ግን ውሃ በቀየርኩ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ሞቶ አገኛለሁ። እንቁላል የያዙ ሦስት እናቶች ነበሩኝ፤ ሦስቱም ሳይፈለፍሉ ጣሉት። ባለፈው ሰኞ ደግሞ እንቁላሉ እንደተጣበቀበት የቀረ ባዶ ቅርፊት ከድንጋይ ሥር አየሁ። አሁን አምስት ቀርተውኛል፤ ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ያ ባዶ ቅርፊት ነው። ሽሪምፕ አጥንት ስለሌለው ሰውነቱን የሚደግፍለት የውጭ ቅርፊቱ ሲሆን፣ ለማደግም አሮጌውን እየጣለ ከሥሩ ባበጀው አዲስ ቅርፊት ይተካዋል። ሴቷ እንቁላሏን ይዛ የምትቆየው ከሆዷ ሥር ባሉት የመዋኛ እግሮቿ ላይ አጣብቃ ነው፤ እንቁላሉ የሚያዘው በእነዚሁ እግሮች ቅርፊት ላይ በመሆኑ፣ ከጊዜው ቀድማ ቅርፊቷን የጣለች እንደሆነ እንቁላሉ አብሮ ይወልቃል። ምቾት ካላት ግን እስኪፈለፈል ድረስ፣ ማለትም አራት ሳምንት ያህል፣ ቅርፊቷን ሳትጥል ትቆያለች። ያለጊዜዋ እንድትጥል የሚያስገድዳት ብዙውን ጊዜ የውሃው ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ የእርስዎ ሽሪምፖች ደግሞ ይህ ለውጥ በየእሑዱ ይደርስባቸዋል። አዲሱ ቅርፊት ሳይደርስ የቀደመው ሲላቀቅ፣ ከራሱና ከጀርባው መገናኛ ላይ ነጭ ቀለበት መስሎ ተሰንጥቆ ይቀርና ሽሪምፑ ሳይወጣ ይሞታል። የሞቱትን ሲያወጡ ይህን ምልክት ይፈልጉ።

ሻይ የሚያፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን ቢመለከቱ የተጋገረ ነጭ ነገር ያያሉ። ይህ ከለንደን የቧንቧ ውሃ የሚቀር ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ክሪስታል ሬድ ግን ዘሩ ከደቡብ ቻይና ጅረቶች፣ ማዕድን እምብዛም ከሌለበትና ጥቂት አሲድነት ካለው ውሃ የመጣ ነው። ቀይ መልኩን ያገኘውም ሂሳያሱ ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከጥቁርና ነጭ ሽሪምፖቻቸው መካከል ቀይ ሆነው የወጡትን ጥቂቶች ነጥለው እርስ በርሳቸው በማራባታቸው ነው። ከጥቂቶች የተገኘ ዘር በመሆኑም የውሃ መዋዠቅን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው። የሚስማማው ፒ ኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከ7 በታች አሲድ ነው) ከ6 እስከ 6.8፣ ጂ ኤች (የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን) ከ4 እስከ 6፣ ኬ ኤች (የካርቦኔት መጠን) ከ0 እስከ 1፣ ሙቀቱም ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እኩሌታውን መቀየር ይተዉ። በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ማዕድኑን በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ፣ የተጣራ ውሃ ያግኙና ካርቦኔት የሌለበትን የሽሪምፕ ማዕድን ጨምረውበት፣ በሳምንት 3 ሊትር ብቻ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ እንዲገባ ያድርጉ። አሁን ያለውን ውሃ በአንድ ቀን ላስተካክል ማለት ያው የእሑዱን ጥፋት መድገም ነው፤ ለውጡ ሳምንታት ይውሰድ። በትነት የጎደለውን ግን ማዕድን ባልተጨመረበት የተጣራ ውሃ ይሙሉ፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ስለሆነ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። የአኳሪየሙ አፈር ውሃውን አሲድ የሚያደርገው ዓይነት ከሆነ፣ ካርቦኔት የበዛበት የቧንቧ ውሃ ጉልበቱን ቶሎ ይጨርሰዋል። ፒ ኤቹ ከ7 በላይ ሆኖ ካገኙት አፈሩ መለወጥ አለበት፤ ሆኖም አዲስ አፈር ሽሪምፕን የሚመርዝ አሞኒያ ሊለቅ ስለሚችል ሽሪምፖቹ ባሉበት አይለውጡት። በሌላ ዕቃ አዘጋጅተው አሞኒያና ከእሱ የሚመጣው መርዛማ ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ፣ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ።

ስለ ንጽሕና የጻፉት የአሳቢ ሰው ነው፤ ሽሪምፕ ግን እጅግ የተፋቀ ቤት አይስማማውም። በቅጠልና በድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ሽፋን የጫጩቶቹ ዋና ምግብ ነው። ስፖንጅ ማጣሪያውን ከአኳሪየሙ በቀዱት ውሃ ብቻ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት፤ የቧንቧ ውሃ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ባዶ ቅርፊት ሲያዩም አያውጡ፤ ማዕድኑን መልሰው ይበሉታል። ለዓሣ የሚሸጥ መድኃኒት ደግሞ መዳብ ካለበት በጭራሽ አይጨምሩ።

ይህ ሁሉ ከበዛብዎት ቼሪ የሚባለውን ቀይ ሽሪምፕ ቢያረቡ ቅር አይበልዎት፤ በክሎሪን ማጥፊያ በታከመ የለንደን ውሃ ደህና ይኖራል፣ አያያዙም ለጀማሪ ይቀላል። ሁለቱም ዓይነቶች የሚፈለፍሉት ወላጆቻቸውን የሚመስሉ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የሆኑ ጫጩቶችን ነው፤ አማኖ እንደሚባለው ሌላ የአኳሪየም ሽሪምፕ ጫጩቶች ጨው ያለበት ውሃ አያስፈልጋቸውም።

የቀሩት አምስቱ ወንድም ሴትም ካሉባቸው ለዘር ይበቃሉ። ሴቷ ተለቅ ትላለች፣ የሆዷም ጠርዝ ወደ ታች ወርዶ ይጎብጣል፤ የወንዱ ቀጥ ያለ ነው። ውሃው ለሁለት ወር ሳይዋዥቅ እስኪቆይ ድረስ ግን ሌላ አይግዙ።