ፑዌርቶ ቪዬሆ ተቀምጦ በርቀት ለመሥራት፦ ቤቱን ከመያዝህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ሜሪላንድ ሆነህ ለአሜሪካ ድርጅት በርቀት ትሠራለህ። ከባለቤትህ ጋር በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ፣ ፑዌርቶ ቪዬሆ ዴ ታላማንካ ስድስት ወር ለመቀመጥ አስባችኋል። ባሕሩ አፍ ላይ ያለ የእንጨት ቤት አግኝታችሁ አከራዩ የሦስት ወር ቅድሚያ ጠይቋል። "ኢንተርኔቱ ያስተማምናል ወይ? ልክፈል ወይስ ልተወው?" ነው ያልከው።

አሁን አትክፈል። የሁለት ሳምንት ማረፊያ ብቻ ይዘህ ሂድና ቤቱን እዚያው ሆነህ ምረጥ። የኢንተርኔቱ ነገር በዚያ አካባቢ ከቤት ቤት ይለያያል። መንገድ ዳር ያለው ቤት ፋይበር ገብቶለት፣ መቶ ሜትር ወደ ጫካው የገባው ጎረቤቱ የስልክ ኔትወርክ እንኳ ላይኖረው ይችላል። ፎቶ ላይ ሁለቱም ያምራሉ።

አከራዩ "ኢንተርኔት አለ" ካለህ ሦስት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ የሚገባው መስመር ቀጭኑ ፋይበር ነው ወይስ ወፍራሙ የኬብል ቴሌቪዥን ሽቦ? የኬብሉ መስመር ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ማጉያዎች አሉት፤ እነሱ መብራት ይፈልጋሉ። የሠፈሩ መብራት ሲጠፋ አንተ ባትሪ ቢኖርህም መስመሩ ትንሽ ቆይቶ ይሞታል። የቤት ፋይበር ግን በአብዛኛው ከጣቢያው እስከ ቤትህ መሃል ላይ መብራት የሚፈልግ ዕቃ የለውም፤ ቤትህ ውስጥ ያለው ሳጥን ኃይል እስካገኘ ድረስ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የፍጥነት መለኪያው ፎቶ ኮምፒውተሩ በገመድ ተሰክቶ፣ ከሰዓት በኋላ የተነሳ ይሁን፤ ከሚወርደው (ዳውንሎድ) ይልቅ የሚጫነውን (አፕሎድ) ቁጥር እይ። ለአንድ ሰው የቪዲዮ ስብሰባ የሚጫነው 5 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃል፤ ሁለታችሁም ባንድ ሰዓት የምትሰበሰቡ ከሆነ 10 ይሁን። ሦስተኛ፣ ውሉ በማን ስም ነው፣ ሲበላሽስ ደውሎ የሚያስጠግነው ማን ነው? አከራዩ አውሮፓ ተቀምጦ ውሉ በስሙ ከሆነ የጥገናው ጥሪ ቀናት ይፈጃል።

ሁለተኛ መስመር የግድ ያስፈልግሃል። ርካሹ መንገድ ኮልቢ የሚባለው የአገሩ ስልክ ድርጅት ቅድመ ክፍያ ሲም ነው፤ ፓስፖርት አሳይተህ ትገዛለህ። የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚበላ ትንሹን ጥቅል አትግዛ። ቤቱን ስታይ ስልክህን ይዘህ መሥሪያ ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ሞክረው፤ በረንዳው ላይ መሥራቱ ብቻውን አያረካ። የስልክ ማማዎችም በራሳቸው ባትሪ የሚቆዩት ለተወሰኑ ሰዓታት ነው። የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክ ኮስታ ሪካ ውስጥ ይሠራል፣ ጫካ ውስጥ ላለ ቤትም ብቸኛው አማራጭ ሊሆን ይችላል። ግን ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። በትልልቅ ዛፎች መሃል ከተተከለ ሳተላይቱ ከቅርንጫፍ ኋላ ባለፈ ቁጥር ለጥቂት ሰከንዶች ይቋረጣል። ፊልም ስታይ ላታስተውለው ትችላለህ፤ ስብሰባ ላይ ግን በየጥቂት ደቂቃው ድምፅህ ይቆረጣል። ከመተከሉ በፊት በመተግበሪያው ሰማዩን ቃኝ።

መብራት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ዛፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የባትሪው ነገር ላይ ነው፦ ትልቁን ተንቀሳቃሽ ባትሪ (ፓወር ስቴሽን) አሜሪካ ገዝቶ ሻንጣ ውስጥ ሊከት ያስባል። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ጭራሽ አይሳፈርም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ትልቅ ከፈለግህ ሳን ሆሴ ግዛ። ካልሆነ ግን እያንዳንዳቸው 99 ዋት-ሰዓት የሆኑ፣ በዩኤስቢ ሲ ቢያንስ 65 ዋት የሚሰጡ ሁለት ፓወር ባንኮች በእጅ ሻንጣ ያዝ። ላፕቶፕ በስብሰባ ጊዜ በአማካይ 30 ዋት ይበላል ብንል፣ ብክነቱ ተቀንሶ አንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆያል። ከላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ጋር የግማሽ ቀን ሥራ ይወጣዋል።

ለኢንተርኔቱ ደግሞ የሬውተር መጠባበቂያ የሚባለውን ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ግዛ። ከመግዛትህ በፊት የሬውተሩን ቻርጀር ገልብጠህ አንብብ፦ 12 ቮልት ነው ወይስ 9? 1 አምፒር ነው ወይስ 2? የሶኬቱ ቀዳዳ ስፋትስ? አንዳንድ ቤት ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥንና ዋይፋይ የሚሰጠው ሬውተር ሁለት ናቸው። አንዱን ብቻ ባትሪ ላይ ሰክተህ ሌላውን ግድግዳ ላይ ከተውከው መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ቮልቴጁ እንደ አሜሪካ 120 ነው፣ ሶኬቱም ያው ነው። ግን የድሮ የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ብቻ አላቸው፤ ኧርዝ የለም። ባለ ሦስት እግሩን መሰኪያ በአስማሚ አስገድዶ መሰካት ይቻላል፤ ያኔ ግን ከመብረቅና ከኃይል መጨመር የሚጠብቀው ማከፋፈያ ጥበቃው በእጅጉ ይቀንሳል፣ የላፕቶፑም አካል እጅ ላይ ይነዝር ይሆናል። ነጎድጓድ ሲጀምር ዕቃውን ከግድግዳ ነቅለህ በባትሪ ሥራ። ሻወር ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያም ብዙ ሺ ዋት ስለሚወስድ ሽቦው ቀጭን በሆነ ቤት አንዱ ሲታጠብ መብራቱ ይፈዛል። ከሥራ ክፍሉ በተለየ ብሬከር ላይ መሆኑን አረጋግጥ።

በነገራችን ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ 220 ቮልት ምጣድ ይዞ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው፦ በ120 ቮልት ኃይሉ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ እንጀራው አይን አያወጣም፣ ይደርቃል እንጂ። አሜሪካ የሚሸጠው የ120 ቮልቱ ክብ ምጣድ ይሠራል። ሊጡም በዚያ ሙቀት ቶሎ ይቦካል። ከአንድ ቀን በኋላ ማየት ጀምር፤ የተጋገረውንም ከማቀዝቀዣ ውጭ አታሳድር።

ቤቱ ባሕሩ አፍ ላይ መሆኑ የሚያሳስበው በእርጥበቱና በጨዋማው ነፋስ ምክንያት ነው። ከባሕሩ በሃምሳ ሜትር ውስጥ ያለ ክፍት ቤት ውስጥ የብረት ማጠፊያዎች ይዝጋሉ፣ የቻርጀር ጫፎች አረንጓዴ ይዘው መንካካት ያቆማሉ። የቆዳ ጫማና ቀበቶ በሳምንታት ውስጥ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ብዙዎቹ "ባሕር ዳር" ተብለው የሚከራዩ ቤቶች በመስኮት ፋንታ መረብ ብቻ ነው ያላቸው። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ግን ኤሲ ቢኖርም አይሠራም። ከቤቱ አንድ ክፍል፣ አንድ ብቻ፣ መስኮቱ መስታወት ሆኖ የሚዘጋና ኤሲ ያለው ይሁን። ሥራህ እዚያ ነው። የማትጠቀምበትን ዕቃ (ካሜራ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፓስፖርት) ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ያህል ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ጋር አኑረው። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት ግዛ። እርጥበት ጠጥቶ ቀለሙ ሲቀየር በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀህ መልሰው። ላፕቶፑን ደግሞ ከቀዝቃዛው ክፍል በቀጥታ ወደ በረንዳ አታውጣው። የቀዘቀዘ ብረት እርጥብ አየር ሲነካው ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል። በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። በርበሬም እርጥበት ይስባል፤ ፍሪዘር ውስጥ አድርገው።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከመንደሩ እስከ ማንሳኒዮ መንገዱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮክልስ፣ ፕላያ ቺኪታና ፑንታ ኡቫ በመሃል ይሰለፋሉ። መንደሩ መሃል ሁሉ ነገር በእግር ይደረሳል፣ ግን የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ እስከ ሌሊት አለ። ለሥራ ሰው ኮክልስ ወይም ፕላያ ቺኪታ፣ ከመንገዱ አንድ መቶ፣ አንድ መቶ ሃምሳ ሜትር ገባ ያለው ይመረጣል። እዚያም ጸጥታ አለ ማለት አይደለም፦ የሚያገሱት ጦጣዎች ገና ጎህ ሳይቀድ ይጀምራሉ፤ ማይክሮፎን ያለው ማዳመጫ ይኑርህ። ሁሉም በብስክሌት ነው የሚሄደው። መንገዱ ላይ መብራት ስለሌለና 12 ሰዓት ገደማ ዓመቱን ሙሉ ስለሚጨልም የፊትና የኋላ መብራት ግድ ነው። ሰንሰለቱንም ቶሎ ቶሎ ዘይት ቀባው።

የሰዓቱ ነገር ይመቻል። ኮስታ ሪካ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ከሜሪላንድ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች አጋማሽ አንድ፣ በቀሩት ወራት ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባህ እዚያ በነዚህ ወራት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይውላል። ሥራ ቀደም ብሎ ስለሚያልቅ ሳይመሽ ባሕር ትደርሳለህ።

የአየሩን ወቅት ከሳን ሆሴ ጋር አታምታታው። የአገሩ "በጋ" የሚባለው ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ለካሪቢያን ዳርቻ አይሠራም። እዚያ ዝናቡ የሚቀለውና ባሕሩ የሚረጋው በሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው፣ ፌብሩዋሪና ማርችም ይሻላሉ። ኖቬምበርና ዲሴምበር ግን ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ ሊጥል ይችላል። መጀመሪያህን ኖቬምበር አታድርገው።

ወረቀቱን ከመንካትህ በፊት መሥሪያ ቤትህን ጠይቅ። ብዙ ድርጅት ከአሜሪካ ውጭ የሚመጣ ግንኙነትን ራሱ ይዘጋል፤ ሳይነግሩ በቪፒኤን ለመደበቅ መሞከር ሥራ ሊያስከፍል ይችላል። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው በቱሪስትነት እስከ 180 ቀን ይሰጠዋል፣ የሚወስነው ግን የመግቢያው ሠራተኛ ነው፤ መውጫ ትኬትም ይጠየቃል። ስድስት ወር ስትቆጥር ከ180 ቀን ትንሽ ያልፋልና ትኬትህን በወር ሳይሆን በቀን ቆጥረህ ቁረጥ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቪዛ ቀድሞ ማውጣት ያስፈልገው እንደሆነ ቆንስላውን ይጠይቅ። ረዘም ላለ ጊዜ የ2021ዱ ሕግ ቁጥር 10008 ለርቀት ሠራተኞች የአንድ ዓመት ፈቃድ ይሰጣል፣ ለአንድ ዓመት ይታደሳል። ለአንድ ሰው በወር 3,000፣ ለቤተሰብ 4,000 ዶላር ከውጭ የሚመጣ ገቢና የጤና ኢንሹራንስ ማሳየት ያስፈልጋል። ጥቅሙ ከገቢ ግብር ነፃ መሆኑና የሥራ መሣሪያ ያለ ቀረጥ ማስገባቱ ነው።

ጤና ላይ፦ ትንኟ ዴንጊ ታመጣለች። ትኩሳት ከባድ ራስ ምታት ይዞ ከመጣ ለማስታገስ ፓራሲታሞል ብቻ እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አትውሰድ፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ለማታ ጉዞ የእጅ ባትሪና የተሸፈነ ጫማ ያዝ፣ መርዛማ እባብ አለ። ኮክልስ ላይ ወደ ውስጥ የሚጎትት ሞገድ ብርቱ ነው፤ ከያዘህ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኝ፣ ፊት ለፊት አትታገለው። ትልቁ ሆስፒታል፣ ቶኒ ፋሲዮ፣ ሊሞን ከተማ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የሊሞን ግዛት በግድያ ብዛት ከአገሪቱ ቀዳሚዎቹ አንዱ ስለሆነ በከተማው በሌሊት አትዘዋወሩ። መንደሩ ውስጥ ዋናው ችግር ስርቆት ነው፦ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ይኑረው፣ ላፕቶፕ ይዘህ ባሕር ዳር አትቀመጥ።

ገንዘብ በኮሎን ነው፤ ካርድ ብዙ ቦታ ይሠራል። ሲንፔ ሞቪል የሚባለውን የስልክ ክፍያ ሁሉም ይጠይቅሃል፣ ያለ አገር ውስጥ ባንክ ሂሳብ ግን አይከፈትም። በፋሲካ ሳምንት ኤቲኤሙ ባዶ ስለሚሆን ቀደም ብለህ አውጣ።

ሰዉን በተመለከተ አትጨነቅ። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ ቅድመ አያቶቻቸው ለባቡር ሐዲድና ለሙዝ እርሻ ከጃማይካ የመጡ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። የጥቁሮች ንቅናቄ መሪው ማርከስ ጋርቬይም በ1910 አካባቢ ሊሞን ውስጥ ሠርቷል። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን በየሱቁ ታየዋለህ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ካልክም የጃንሆይ ወሬ ሳይነሳ አታልፍም። ለኪራይ ውልና ለቢሮ ግን ስፓኒሽ ያስፈልጋል። አድራሻ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ "ከእንትን ሱቅ ሁለት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ" ነውና የቤቱን ነጥብ በካርታ ላይ አስቀምጥ።

ውል ስትዋዋል ወር በወር ይሁን፤ ቅድሚያ ከአንድ ወርና ከአንድ ወር መያዣ አይለፍ። ኢንተርኔቱ ከአምስት ቀን በላይ ከጠፋ ያለ ቅጣት መውጣት እንደምትችል ይጻፍበት። ከሳን ሆሴ መንገዱ 215 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ያህል ነው። ግን 32 ቁጥሩ መንገድ በዝናብ ጊዜ በመሬት መንሸራተት ይዘጋል፤ በቱሪያልባ መዞር ይመጣል። ሥራህ ሰኞ የሚጀምር ከሆነ ሐሙስ ሳን ሆሴ ግባ።